ጋራዡ ይመታል

ጋራዡ ሲመታ መቶ አለቃው ሰዓቱን እያየ ነበር። ልክ ስምንት ሰዓት ነው፤ አንዲት ደቂቃ አላዛነፈም። መጀመሪያ በልቡ ያለው "ጎበዞች፣ ሰዓት አከበሩ" የሚል ነበር። ከትምህርት ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ፣ መስኮት ሥር ተንበርክኮ፣ በሩቅ ማያ መነጽሩ ድልድዩን እያየ የመትረየስ ድምፅ ይጠብቃል። የሰማው ግን መትረየስ አይደለም። ከጀርባው አንድ ነገር እያፏጨ በላዩ አለፈና የጋራዡ ቆርቆሮ ጣሪያ ወደ ላይ ተነሳ። ሁለተኛው ተከተለ። ሦስተኛው ሲደርስ ጣሪያ የሚባል ነገር አልቀረም።

"ከኋላችን ነው" አለ አጠገቡ የነበረው ወታደር። "መቶ አለቃ፣ ከኋላችን እኮ ነው የተተኮሰው።"

መቶ አለቃው መነጽሩን ወደ ጋራዡ አዞረ። እዚያ ጋራዥ ውስጥ ዘጠኝ ሰው ነበረው። ከዘጠኙ አንዱ የሚስቱ ወንድም ነው።

ይህ ሰው ወታደር ሆኖ አላደገም። አሁን በተንበረከከበት ፎቅ ላይ፣ ሦስተኛው ክፍል ውስጥ፣ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰዋስው ያስተማረ መምህር ነው። አገሪቱ ለሁለት ተከፍላ መታኮስ ስትጀምር ከተማዋም በወንዟ ለሁለት ተከፈለች። ወዲህ ያሉት ወዲያ ያሉትን "ማዶዎቹ" ይሏቸዋል፤ ወዲያ ያሉትም ወዲህ ያሉትን "ማዶዎቹ" ይሏቸዋል። በቅጽል ስም እንኳ መለያየት ያቃታቸው ሰዎች ናቸው እንግዲህ የሚገዳደሉት። መምህሩን ማንም ና አላለውም። ዕድሜው አርባ አራት፣ ዓይኑ ያለ መነጽር ፊደል የማይለይ፣ ጉልበቱ ደረጃ ሲወጣ የሚንቋቋ ሰው ማን ይፈልገዋል? ነገር ግን ካስተማራቸው ልጆች የሞቱት ስም በየሳምንቱ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲለጠፍ እያየ ጠመኔ ይዞ መቆም አቃተውና ሄዶ በፈቃዱ ተመዘገበ። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ነገሩን የሰማችው የስፌት መኪናዋን እየረገጠች ነበር። "ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት አንተ ነህ" አለችውና ሦስት ቀን አኮረፈችው። በአራተኛው ቀን የደንብ ልብሱን ሱሪ አሳጠረችለት።

ካርታ ማንበብና ዓረፍተ ነገር መጻፍ የሚችል ሰው በጠፋበት ጊዜ ሁለቱንም የሚችል ተገኘና በሦስት ወር ሥልጠና መቶ አለቃ ተባለ። የሚስቱ ወንድም መካኒክ ነው። "ጋሼ፣ አንተ እኮ የብስክሌት ጎማ መንፋት አትችልም፤ ማን ይጠብቅሃል?" ብሎ ተከትሎት ዘመተ። የጦር ሜዳ ሩቅ አልነበረም። የመካኒኩ ጋራዥ ድልድዩን ፊት ለፊት የሚያይ በመሆኑ ምሽግ ተደረገ፤ ሰውየው የዘመተው ወደ ገዛ ጋራዡ ነው። ጓደኞቹ በዚህ ሲስቁበት "ቢያንስ መፍቻ የት እንዳለ አውቃለሁ" ይላቸው ነበር።

መቶ አለቃው ጓዶቹን በቁጥር ጠርቶ አያውቅም። አንደኛ ጓድ፣ ሁለተኛ ጓድ ማለት ለሱ የፈተና ውጤት ማንበብ ሆነበት። ስለዚህ ሁሉንም በተቀመጡበት ቤት ይጠራቸዋል። ዳቦ ቤት ውስጥ ያሉት ዳቦ ቤቱ ናቸው፤ መድኃኒት መደብር ውስጥ ያሉት ፋርማሲው ናቸው፤ ጋራዥ ውስጥ ያሉት ጋራዡ ናቸው። ወታደሩም ለመደው፤ እንዲያውም መሳቂያ አደረገው። "ዳቦ ቤቱ ራበኝ ይላል፣ ምን ይላክለት?" ይባላል በሬዲዮ። "ፋርማሲው ታሟል፣ ሐኪም ይምጣ።" በዚያ ክፉ ጊዜ ሰው የሚስቅባት አንዲት ነገር ይህች ነበረች።

በዚያ ቀን ጠዋት የሬዲዮው ባትሪ ሞተ። ዳቦ ቤቱ ሁለት ቁስለኞች ነበሩት፤ ወደ ትምህርት ቤቱ ለማምጣት የድልድዩን መንገድ ማቋረጥ ግድ ነው፤ ድልድዩ ላይ ደግሞ የማዶዎቹ ተኳሽ ዓይኑን ተክሎ ውሏል። ዘዴው ቀላል ነበር። ስምንት ሰዓት ላይ ጋራዡ ድልድዩን በመትረየስ ይመታል፤ ተኳሹ ራሱን ሲሰውር ቁስለኞቹ ይሻገራሉ። ይህን ከከተማው ጀርባ፣ ጡብ ፋብሪካው ውስጥ ያለው የሞርታር ኃላፊ ማወቅ አለበት፤ ድንገት ተኩስ ሲሰማ ውጊያ የተከፈተ መስሎት ያለችውን ጥቂት ቅምቡላ እንዳይጨርስ። መቶ አለቃው ከተማሪ ደብተር አንድ ገጽ ቀደደ፣ ጉልበቱ ላይ አስደግፎ አንድ መስመር ጻፈ፣ ከጋራዡ ለመጣው መልእክተኛ ሰጠው። መልእክተኛው ወረቀቱን ጡብ ፋብሪካው በር ላይ ላለው ጥበቃ አቀብሎ፣ ተኩሱ እንዳያመልጠው ወደ ጓዶቹ ሮጦ ተመለሰ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። መምህሩ ይህን ተረት ለስንት ተማሪ እንደተረተ ራሱም አያውቀውም።

መቶ አለቃው ጋራዡ ጋ ሲደርስ አቧራው ገና አልረገበም። የሮጠበትን መንገድ፣ ማዶዎቹ ተኩሰውበት ይሁን አይሁን፣ አያስታውስም። መትረየሱ ተገልብጦ የመኪና መጠገኛው ጉድጓድ ውስጥ ወድቋል። ሰዎቹን አንድ በአንድ አየ። የሚያያቸው ነገር ዓይኑ ውስጥ ገብቶ ልቡ ጋ ሳይደርስ የሚቀር መሰለው፤ ቆጠረ፣ ስድስት ሲደርስ ጠፋበትና እንደገና ከአንድ ጀመረ። መካኒኩ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። ፊቱ አንድ ነገር አልነካውም። ከፊቱ በታች ያለውን መቶ አለቃው አንድ ጊዜ ብቻ አይቶ የገዛ ሸሚዙን አውልቆ ሸፈነው። የእጁ ጥፍሮች ሥር የሞተር ዘይት ነበር፤ እህቱ ስንት ጊዜ በሳሙና ፈትጋ አልለቅ ያላት ዘይት።

እዚያ እንደቆመ ነው ሃምሳ አለቃው እየሮጠ የደረሰው። የሞርታሩ ኃላፊ ነው፤ ከስምንት ዓመት በፊት ዘጠነኛ ክፍል፣ ከመስኮቱ በኩል ሁለተኛው ወንበር ላይ ይቀመጥ የነበረ ተማሪ። ጥያቄ የማይጠይቅ፣ የታዘዘውን የሚሠራ፣ ደብተሩ ንጹሕ። ላቡ እየተንጠባጠበ ፈገግ ብሏል።

"መምህር፣ ሦስቱም ገቡ" አለ። "አንድም አልሳትኩም። ማዶዎቹ ሲገቡበት ማን አየ? እኛ እኮ ምንም አልሰማንም።"

መቶ አለቃው ዞር ብሎ አየው። ሃምሳ አለቃውም የመምህሩን ትከሻ አልፎ ግድግዳውን የተደገፈውን ሰው አየ። መካኒኩን ያውቀዋል፤ ባለፈው ሳምንት የሞርታሩን እግር የበየደለት እሱ ነው። ፈገግታው ፊቱ ላይ እንደ ቀረ ቀረ፤ የሚያነሳው ሰው የጠፋ ዕቃ ይመስል።

"ማን ተኩስ አለህ?" አለ መቶ አለቃው።

"እርስዎ።" ኪሱ ገብቶ ወረቀቱን አወጣ። "ይኸው። እርስዎ።"

መቶ አለቃው ተቀብሎ አነበበው። በራሱ ጽሑፍ፣ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰሌዳ ላይ በተጻፈ ጥርት ያለ ጽሑፍ፣ "ስምንት ሰዓት ላይ ጋራዡ ይመታል" ይላል። ላልቶ አነበበው፤ እንደጻፈው ነው። ከዚያ ሃምሳ አለቃው እንዴት እንዳነበበው ገባውና ጠብቆ አነበበው። ላልቶ ከተነበበ ጋራዡ መቺ ነው፤ ጠብቆ ከተነበበ ጋራዡ ተመቺ ነው። ፊደሉ ሁለቱንም አንድ አድርጎ ይጽፋቸዋል፤ የሚለያቸው የአንባቢው ምላስ ነው። ሞርታር ቤት ደግሞ ትእዛዝ የሚመጣው ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ጉብታው ይመታል፣ መጋዘኑ ይመታል፤ ላልቶ የሚነበብ ወረቀት እዚያ ደርሶ አያውቅም።

ይህ ሌላ መምህር ላይ ቢደርስ አንድ ነገር ነው። ይህ ሰው ግን መጥበቅና መላላትን በያመቱ፣ በዘጠነኛ ክፍል፣ በሁለተኛው ሳምንት ያስተምር ነበር። ሰሌዳው ላይ "በሬው ይበላል" ብሎ ይጽፍና "ይህ በሬ ምሳ ሊበላ ነው ወይስ ምሳ ሊሆን ነው?" ብሎ ይጠይቃል። ክፍሉ ይስቃል። "ለኛ ያው ነው፤ ለበሬው ግን ልዩነቱ ብዙ ነው" ይላል፤ ክፍሉ እንደገና ይስቃል። ያችን ቀልድ ዐሥራ ዘጠኝ ጊዜ ቀልዷታል።

"እንዴት አልጠየቅህም?" አለ። "ጋራዡ የኛ ምሽግ መሆኑን እያወቅህ?"

"ማዶዎቹ ይዘውታል ብዬ ነው። መልእክተኛው የለ፣ ሬዲዮ የለ።" ሃምሳ አለቃው መሬት ላይ ተቀመጠ። "ሲጠራጠሩ ከፊቱና ከኋላው ያለውን ያንብቡ ብለው አስተምረውናል። ፈለግኩ እኮ፣ መምህር። ወረቀቱን ገለበጥኩት። ከፊቱም ከኋላውም ምንም አልነበረም። እርስዎ ጽፈው ይሳሳታሉ ብዬ ላስብ?"

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። የብዕሩን ወለምታ ምን እንደሚያሸው የተናገረ የለም።

አዛዣቸው ሻለቃው ሁለቱንም በርእሰ መምህሩ ቢሮ ውስጥ አስቆማቸው። ሠላሳ ዓመት ጦር ሰፈር የኖረ፣ ሲናገር ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። ከጀርባው የዓምናው የክፍለ ጊዜ ድልድል እንደተለጠፈ ነበር። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ረጅም ጊዜ አየው።

"በወገን ላይ የተኮሰ ይረሸናል" አለ። "ሕጉ አጭር ነው። ዛሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንጨርሳለን። የምትለው አለ?"

ሃምሳ አለቃው ዓይኑን ወለሉ ላይ ተክሎ፣ ያልሠራው የቤት ሥራ እንደተጠየቀ ሰው ቆመ።

"የታዘዘውን ነው ያደረገው" አለ መቶ አለቃው። "ወረቀቱ ጠብቆም ላልቶም ይነበባል። እኔ አላልቼ ጻፍኩ፤ እሱ አጥብቆ አነበበ። እሱ ያነበበው ትክክል ነው፤ እኔ የጻፍኩትም ትክክል ነው።"

"ዘጠኝ ሬሳ ይዘህ መጥተህ ሁለት ትክክል ልትሰጠኝ አትችልም። አንዱን ስጠኝ።"

"እንግዲያው የኔ ነው ጥፋቱ። አንድ ቃል መጨመር ነበረብኝ። 'ድልድዩን' የምትል አንዲት ቃል።" ዘጠኝ ሰው በአንዲት ቃል ጉድለት ሞተ የሚለው ነገር እዚያች ክፍል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በጆሮው ገባ። "እኔን ይረሽኑኝ" አለ፤ ለጀግንነት አይደለም፤ በዚያች ሰዓት ከልቡ የሚፈልገው እሱን ስለነበረ ነው።

ሻለቃው ከኪሱ የሲጋራ መለኮሻ አወጣ። መቶ አለቃው ሲጋራ ሊያጨስ መስሎት ነበር። ሰውየው ግን ወረቀቱን በሁለት ጣቱ አንስቶ ጫፉን ለኮሰውና እጁን እስኪያሞቀው ይዞ፣ አመዱን መሬት ላይ በጫማው ፈተገው።

"ማንም አይረሸንም" አለ። "ከነገ ወዲያ ሁለት መቶ አዲስ ሰው እፈልጋለሁ። የበጎ ፈቃደኞቹ መኮንን የራሱን በጎ ፈቃደኞች አስፈጀ ብዬ በድምፅ ማጉያ ላስነግር? ማን ይመዘገብልኛል? ጋራዡን የመቱት ማዶዎቹ ናቸው። ቁጭ በልና ጻፍ፤ ያንተ እጅ ያምራል።"

"እኔ ይህን አልጽፍም።"

"ካልጻፍክ ወደ መጀመሪያው ሕግ እንመለሳለን።" በአገጩ ሃምሳ አለቃውን አመለከተ። "እሱን። አንተን አይደለም፤ ካርታ የሚያነብ ሰው የለኝም። ስማ፣ ዝም አይነቅዝም። ሁለታችሁም አፋችሁን ከዘጋችሁ ሁለታችሁም ትኖራላችሁ። ከተነገረ ግን የሚሞተው እሱ ነው።"

መቶ አለቃው ተቀመጠና ጻፈ። "ዛሬ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ጠላት ጋራዡን በሞርታር መትቶ ዘጠኝ በጎ ፈቃደኞችን ገደለ።" ባለቤቱ በቦታው አለ፤ ተሳቢው በ"ን" ተለይቷል፤ ጠብቆም ላልቶም፣ ቆሞም ተቀምጦም ቢነበብ ትርጉሙ አንድ ነው። በሕይወቱ ከጻፋቸው ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ እንዲህ የጠራ የለም። እውነቱን ሲጽፍ አምታቶ፣ ውሸቱን ሲጽፍ አጠራው። ሻለቃው አንብቦ ራሱን ነቀነቀና በሩ ላይ እንዲለጠፍ አዘዘ።

ቤቱ ሲገባ ሚስቱ የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣለች። መርፌው ጨርቁን ወግቶ እንደቆመ ነው፤ እግሯም ከመርገጫው አልተነሳም። ወሬው ቀድሞት ደርሷል። ጎረቤቶች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ አንዳቸውም አያለቅሱም፤ እሷ ካልጀመረች ማን ይጀምራል።

"አየኸው?" አለችው።

"አየሁት።"

"ፊቱስ?"

"ፊቱ ደኅና ነው። የተኛ ነው የሚመስለው።" ይህች እንኳ እውነት ነበረችና እንደ መንጠላጠያ ያዛት።

"የተኛ ነው የሚመስለው" ብላ ደገመችው፤ ከዚያም እጇን ጨርቁ ላይ አሳረፈች። መቶ አለቃው ልንገራት አለ፤ አፉን ከፈተ፤ የሃምሳ አለቃው መረሸን ታየው። ይህ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። እውነቱን ካወቀች ዳግመኛ በዚያ ዓይኗ እንደማታየው አውቆ ፈራ። ፍርሃቱን ራርቼ ነው በሚል ሸፈነው።

ልጃቸው የመኝታ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። ዐሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ አንድ ልጃቸው ናት። አጎቷ መኪና መንዳት ያስተማራት፣ መንጃ ፈቃድ ሳይኖራት ገበያ ድረስ አስነድቷት እናቷ ሁለቱንም በመጥረጊያ ያባረረቻቸው። ፊቷ ነጭ ወረቀት ሆኗል።

"ማን ነው የገደለው?" አለች።

መቶ አለቃው በአፉ መዋሸት አቃተው። "ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተለጥፏል" አላት። "ሂጂና አንብቢው።"

ሄዳ አነበበችው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የትምህርት ቤቱ ግቢ በሰው ተጨናነቀ። ሻለቃው በመስኮት ብቅ ብሎ ሰልፉን አይቶ "ያንተ ብዕር ከሞርታር ይበልጣል" አለው መቶ አለቃውን። መዝገቡን ይዞ ግቢው ውስጥ የተቀመጠው እሱ ነው። ስም፣ ዕድሜ፣ ሙያ፣ የተመዘገበበት ምክንያት። ሃምሳ አለቃው ሰልፉን ያስይዛል። ከዚያ ቀን ወዲህ ከ"አቤት" በቀር ቃል አልወጣውም፤ መምህሩ በሄደበት እየተከተለ ያልተጠየቀ ውሃ ያቀርባል። ሰዉ ምክንያቱን ሲያስሞላ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ ጋራዡ፣ ጋራዡ፣ ጋራዡ። ዳቦ ጋጋሪ፣ ሾፌር፣ ሁለት መንትያ ግንበኞች። መቶ አለቃው ቀና ሳይል ይጽፋል። አንገቱን የደፋው በሥራ አይደለም፤ ዓይናቸውን ላለማየት ነው።

"ስም?" አለ። መልስ ሲያጣ ቀና አለ። ልጁ ናት።

"ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?"

"ሌላው ሰው የሚሠራውን።"

"እናትሽ ታውቃለች?"

"ታውቃለች። አልቅሳ ሲደክማት 'ሂጂ፣ አባትሽ ይመልስሻል' አለችኝ።"

መቶ አለቃው ብዕሩን አስቀመጠ። የሃምሳ አለቃው ነፍስ፣ የሻለቃው ሁለት መቶ ሰው፣ የራሱ ክብር፣ ሁሉም ከፊቱ ላይ ተጠርጎ ሄደና ከዚህች ልጅ በቀር የሚታየው ጠፋ። ጎንበስ ብሎ በለሆሳስ ተናገረ።

"አጎትሽን የገደሉት ማዶዎቹ አይደሉም። እኛ ነን። የኔ ወረቀት ነው። ጻፍኩት፣ በተሳሳተ መንገድ ተነበበ፣ የራሳችን ሞርታር መታቸው። ቤት ግቢ፤ ሁሉንም ለሁለታችሁም እነግራችኋለሁ።"

ልጅቱ አልደነገጠችም። የጠበቀው ያንን ነበር፤ እንድትደነግጥ፣ እንድትጮህ፣ እንድትመታው። እሷ ግን አዘነችለት። ከንፈሯን ነክሳ፣ እናቷ ትኩሳት የያዘው ሰው እንደምታይ አየችው።

"አባዬ፣ እንዲህ አትበል። ለኔ ብለህ ራስህን አታዋርድ።"

"እውነቴን ነው።"

"በር ላይ ያለው የማን ጽሑፍ ነው?"

"የኔ።"

"ያንተ መሆኑን ሳላውቅ ቀርቼ ነው? ፊደል የቆጠርኩት በሱ ነው። በዕድሜዬ ስትዋሽ አንድ ቀን አይቼህ አላውቅም። ዛሬ ነው ያየሁህ፤ እሱም ያስታውቅብሃል፣ አትችልበትም።"

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። መቶ አለቃው ብድግ አለ። አጠገቡ የቆመውን ሃምሳ አለቃ አንድ ጊዜ አየው፤ ምን እያደረገበት እንደሆነ ያውቃል፤ ይቅር በለኝ ለማለት ግን ጊዜ አልነበረም። ፊቱን ወደ ሰልፉ መለሰና ክፍል ውስጥ ከኋላ ወንበር ድረስ በሚሰማው ድምፁ ተናገረ።

"ጋራዡን የመታነው እኛ ነን። በር ላይ የተለጠፈው ውሸት ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ወደየቤታችሁ ሂዱ።"

መቶ አለቃው ድንጋይ ጠበቀ፤ ስድብ ጠበቀ፤ ከመስኮቱ የሻለቃውን ሽጉጥ ጠበቀ። የመጣው ግን የሴት ድምፅ ነበር፤ "ወይ ኀዘን" የሚል። "ቀብር ላይ እኮ አላለቀሰም" አለ ሾፌሩ ለጎኑ። "ያልወጣ እንባ እንዲህ ነው የሚያደርገው። አማቹን ቀብሮ ልጁን ሊሸኝ፣ ማን ይችለዋል?" አንዱ ግንበኛ ከሰልፍ ወጥቶ ወንበሩን አስጠጋለት። ሌላው የሸሚዙን ቁልፍ ፈታለት። ሁሉም እያዘኑለት፣ እያከበሩት፣ አንድም ቃል አላመኑትም።

"ጠይቁት" አለ ወደ ሃምሳ አለቃው እየጠቆመ። "የተኮሰው እሱ ነው። ንገራቸው።"

ሃምሳ አለቃው ፊቱ አመድ መሰለ። ቀርቦ መምህሩን በክንዱ ያዘው። "ፀሐይ መትቷቸው ነው" አለ ለሰዉ። "ውሃ አምጡላቸው።" ከዚያ ወንበሩ ላይ እያስቀመጠው ጆሮው ሥር "መምህር፣ እባክዎ። እናት አለችኝ" አለ።

ውሃ መጣ። ልጅቱ መሐረቧን አርሳ ግንባሩን ጠረገችለት። "አይዞህ፣ አባዬ" አለችው። ለሱ የቀረው አንድ እውነት ነበረ፣ እሱንም ተናግሮታል። ብዕሩን ከመዝገቡ ላይ ቀስ ብላ አነሳች። መዝገቡን ወደ ራሷ አዙራ ስሟን ጻፈች፣ ዕድሜዋን ጻፈች፣ ሙያ በሚለው ሥር "ልብስ ስፌት" ብላ ጻፈች። ምክንያት የሚለው ጋ ስትደርስ ትንሽም አላሰበችም።

"ጠላት አጎቴን ስለገደለው።"

መቶ አለቃው ከትከሻዋ በላይ አነበበው። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በለመደው ዓይን ስሕተት ፈለገበት። አንድ ፊደል የሚታረም አላገኘም።